አልጋ አለ?

(ወደ ደቡብ ቆላ በተጓዙት ተማሪዎች ስም፥ በማኅበሩ የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ነገሌ ጉዟችን እንድንናገር ሲጠይቀን፥ ያሰበው የታሪክ ጥናታችንን ውጤት እንደምናቀርብ ነበር። ጥናቱ ተጽፎ አልቋል፤ ለመምህራችንም ቀርቧል፤ የፈለገ ሰው ሊያነበው ይችላል። ዛሬ ማታ ልንናገር የፈለግነው ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስላልገባው ነገር፥ ይኸውም ስላደርንበት ሆቴል ነው። «ሆቴል ደግሞ ምን ይወራለታል?» የሚል ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ በመጨረሻው ላይ ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጋር የምንከራከርበት አንድ ሒሳብ አለና።

በአገራችን ለማደሪያ ገንዘብ መክፈል የቆየ ልማድ አይደለም። መንገደኛ ሲመሽበት ከደረሰበት ደጃፍ ቆሞ «መሽቶብኛል፥ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ያለው ይቀርብለታል፤ መደብ ይነጠፍለታል። የሚከፍለው ነገር ቢኖር ወሬ ነው፤ ከወዴት እንደመጣ፥ በዚያ አገር ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፥ እህል በስንት እንደሚሸጥ ይናገራል። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ከፍሎ መብላት ለከተማው ሰው እንግዳ ነገር ሆኖበት እንደነበረ ይነገራል። ጣሊያኖችም መጥተው ሲሄዱ «አልቤርጎ» የሚለውን ቃል ትተውልን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መኪናና መንገድ በዛ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ለብዙ ዘመን በሌሊት አይጓዝም ስለነበረ፥ በየመንገዱ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ሁሉ መሽቶበት የሚወርድ ሰው አገኘች። ይኸን ሁሉ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ማስተናገድ ስለማይቻል፥ ቤቱ የአልጋ ኪራይ ቤት ሆነ። ሰላምታውም ተለወጠ፤ «መሽቶብኛል» ቀርቶ «አልጋ አለ?» ተባለ።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ ነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። በሐዋሳ በኩል ታልፎ፥ የሲዳማ ደጋ ሽቅብ ተወጥቶ፥ በሐገረ ሰላምና በቦሬ ብርድ ተቆራምዶ ወደ ክብረ መንግሥት ይወረዳል። እዚያ አንድ ሌሊት አደርን፤ ስለዚያ ሌሊት የምንናገረው የለንም፤ ድካም አስተኛን። በማግሥቱ በአንፈራራ ደን ውስጥ አልፈን ወደራ ስንደርስ ሾፌሩ ለሻይ አቆመ። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት ከጎልድ ኮስት፥ ማለት ከዛሬይቱ ጋና የመጡ ወታደሮች በዚሁ መንገድ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር በዝናብና በጭቃ ውስጥ ሲወጉት ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶባቸው ነበር። ከመካከላችን አንዱ ይህን በሰፊው ሲያስረዳን የሻይ ቤቱ ልጅ ሰምቶ፥ «ጭቃማ ከሆነ ዛሬም ያው ነው» አለው። ከወደራ በኋላ ግን ደጋው ያልቃል፤ ግራሩ ይጀምራል፤ አፈሩ ይቀላል፤ ሰውም ካፖርቱን ያወልቃል።

ነገሌ የገባነው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። ወሩ የካቲት ነው፤ በዚያ አገር ይኸ ወር የበጋው መጨረሻ፥ ውሃ የሚያጥርበት ጊዜ ነው። ሦስት ቤት «አልጋ አለ?» ብለን ጠየቅን፤ ሦስቱም «ሞልቷል» አሉን፤ የከብት ነጋዴዎችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ቀድመውን ነበር። በአራተኛው ተገኘ።

ከመካከላችን ሁለቱ ቀደም ሲል በያቤሎና በሞያሌ ያደሩ ስለሆኑ፥ የቤቱን አሠራር ገና ከበሩ ሲያዩት አወቁት። ፊት ለፊት ቡና ቤት ነው፤ በጎኑ መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር አለ፤ በበሩ ሲገባ ግቢ ነው፤ በግቢው ዙሪያ የቆርቆሮ ጣራ የለበሱ ክፍሎች ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈዋል። በየበሩ ላይ ቁጥር በቀለም ብሩሽ ተጽፏል፤ የሰባት ቁጥር በር ቀለም አልቆበት ነው መሰለኝ አንድ መስሎ ቀርቷል። በክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ፥ አንድ ምስማር ለልብስ መስቀያ፥ ከአልጋው ሥር የላስቲክ ነጠላ ጫማ፥ ብዙ ቀዳዳ ያለው አጎበር፥ መብራት ሲጠፋ የሚበራ ቁራጭ ሻማ ይገኛል። መታጠቢያውና መጸዳጃው የጋራ ነው፤ በግቢው ጥግ ነው። ከባለቤቷ ፊት ወፍራም ደብተር አለ፤ ስም፥ ከየት መጣህ፥ ወዴት ትሄዳለህ፥ መታወቂያ ቁጥር እየተባለ ይጻፍበታል። ማታ ማታ ፖሊስ መጥቶ ያየዋል።

በሩቅ ምሥራቅ በባንኮክ ከተማ ካኦ ሳን የሚባል ጎዳና አለ። የስሙ ትርጉም የተፈተገ ሩዝ ነው፤ ድሮ የሩዝ ገበያ ስለነበረ ነው። ከ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ግን ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ወጣት አገር ጎብኚዎች የሚያድሩበት የርካሽ ሆቴሎች ሠፈር ሆኗል። ያ ጎብኚ በርካሽ ቤት የሚያድረው አገር ለማየት ያለው ገንዘብ ረዘም ያለ ቀን እንዲያቆየው ነው፤ ካላማረው ጓዙን አንሥቶ ይሄዳል። በነገሌ አብረውን ያደሩት ግን አገር ለማየት የመጡ አልነበሩም። ሾፌርና ረዳቱ፥ ወደ አዲስ ቦታው የሚሄድ አስተማሪ፥ የታመመ ልጇን ሐኪም ቤት ለማሳየት ከገጠር የመጣች እናት፥ የበሬ ነጋዴ። ርካሽ ሆቴል በእኛ አገር የመንገድ ሥራ አንዱ ክፍል ነው፤ እርሱ ባይኖር አውቶቡሱም አይኖርም።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር።

ማኅበሩ የፈቀደልን የአራት ሰው አበል ነበር። የሄድነው ግን አምስት ነን። አምስተኛው ጓደኛችን የግድ ያስፈልገን ነበር፤ ምክንያቱም ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ያለ እርሱ የነገሌን ሽማግሌዎች ልንጠይቅ መሄዳችን፥ ያለ ባልዲ ጉድጓድ እንደ መውረድ ነበር። እንግዲህ በአራት ሰው ገንዘብ ሁለት ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ያዝን። በደብተሩም አራት ስም አስጻፍን። በእነዚህ ቤቶች ሁሉ የታወቀ ሕግ አለ፤ ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ አይተኛም። ስለዚህ አምስተኛው ጓደኛችን ሻይ ሊጠጣ እንደመጣ ሰው ሆኖ ቡና ቤት ተቀመጠ፤ ሲጨልም በመኪናው በር ገብቶ ወደ ክፍላችን ተሸሸገ።

አልጋ የምታነጥፈው ልጅ አየችው። ዕድሜዋ 16 ወይም 17 ቢሆን ነው። አልተናገረችም፤ ሳቅ አለችና ሄዳ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። «መሬት ላይ ይተኛል እንጂ አልጋ ላይ እንዳይወጣ፤ እትዬ ከሰሙ ይቆጣሉ» አለችን። ምን እንደምንማር ጠየቀችን፤ «ታሪክ» አልናት። እርስዋም በማታ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል መሆኗንና ታሪክ እንደማትወድ ነገረችን፤ ዓመተ ምሕረቱ ይበዛባታል።

ለአንድ ክፍል የሚሰጠው ውሃ በቀን አንድ ጀሪካን፥ ማለት 20 ሊትር ነው። ያንን ውሃ ልጅቱ ከአህያ ጋሪ ላይ ታወርዳለች፤ በየበሩ ታደርሳለች። እኛ አምስት ነን፤ ሁለት ቀን የመንገድ አቧራ ለብሰናል። ሁለቱ ጀሪካኖች ከገላችን አላለፉም። በግቢው ጥግ ግን አንድ በርሜል ነበር። ሌሊት ወጥተን ከበርሜሉ ቀዳን፤ ካልሲያችንን አጠብን፤ ሸሚዛችንን አጠብን፤ ከመካከላችን አንዱ ጫማውን ሳይቀር አጠበ። እያጠብንም የምንከራከረው፥ እዚህ ላይ አትሳቁብን፥ ስለ ሀብት ክፍፍል ነበር። በርሜሉ የማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት በእነዚህ ሆቴሎች እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አውቶቡስ የሚያመልጠው እንግዳ እንዳይኖር በሩ ሁሉ ይንኳኳል፤ «ተነሡ! መኪና! መኪና!» ይባላል። እኛ የምንሄድበት ስላልነበረ ተኝተን እንሰማ ነበር። በዚያን ሰዓት አንድ ሾፌር ከጸሎት በፊት የሚታጠብበት ውሃ ፈልጎ ወደ በርሜሉ ሄደ፤ በርሜሉ ባዶ ነው። ባለቤቷን ጠራ። ባለቤቷም ልጅቱን ጠሩ።

«በርሜሉን ማን አራቆተው?»

«እኔ እንጃ፥ እትዬ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው? ሦስት ጀሪካን ሙሉ ነበር። ከደመወዝሽ ነው የምቆርጠው።»

ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ቃሉ ሁሉ ይሰማል። ልጅቱ ማን እንደቀዳ ታውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ልብሳችን በክፍላችን ፊት ለፊት በገመድ ላይ ተሰጥቷል። አልተናገረችም። እኛም አልተናገርን። ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ በሩን ከፈተና እርጥቡን ሸሚዝ ከገመዱ አውርዶ ወደ ውስጥ አስገባው። ይህን የምንናገረው እየተሸማቀቅን ነው፤ አምስት ሰው ሆነን ካደረግነው ነገር ሁሉ ይህቺ ሸሚዝ የማውረድ ነገር ትብሰናለች።

በማግሥቱ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ የቀድሞ ወታደር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀጠሮ ነበረን። የሄድንበት ጉዳይ ይህ ነበር፤ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበረው ጦር ያደረገውን አመፅ ከዐይን ምስክር ለመስማት። ታሪኩን ሁላችሁም በአጭሩ ታውቁታላችሁ። የወታደሩ ምግብ የከፋ ነበር። የውሃው መሳቢያ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ውሃ ነበራቸው፤ ወታደሮቹ ከዚያ እንዲቀዱ ቢለምኑ ተከለከሉ። ወታደሮቹም መኮንኖቹን ያዙ። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ተላኩ፤ ወታደሮቹ እርሳቸውንም ይዘው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፥ እነርሱ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይልና የአሥመራ ጦር ተከተሉ። በስምንት ወሩ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የታሪክ ጸሐፊዎች የወሎን ረሃብ፥ የነዳጅን መወደድ፥ የመምህራንንና የታክሲ ነጂዎችን አድማ ከምክንያቶቹ መካከል ይቆጥራሉ፤ እኛም በጽሑፋችን ቆጥረናል። ሽማግሌው ግን ይህን ሁሉ አዳምጠው፥ «እሱ እናንተ የምታውቁት ነው። እኛ ጋ ውሃ ነበር» አሉን።

ቀጥለውም ሻያችንን እየቀዱ፥ «ለመሆኑ የት ነው ያረፋችሁት፥ ልጆቼ? ውሃ አላቸው?» ብለው ጠየቁን።

አስተርጓሚ አላስፈለገንም ነበር፤ በአማርኛ ነው የጠየቁን። ግን ማንም ቶሎ አልመለሰም። በመጨረሻ አንዱ «አዎን፥ አላቸው» አለ። ሽማግሌው «ደግ ነው» አሉ።

ከዚያ ስንመለስ በመንገድ ላይ አምስተኛው ጓደኛችን ስለ ቦረና ጉድጓዶች አጫወተን። በዱብሉቅና በሌሎቹም ስፍራዎች ቱላ የሚባሉ ዘጠኝ የታወቁ የውሃ ጉድጓዶች ስፍራዎች አሉ፤ ጥልቀታቸው አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ወንዶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ላይ በተርታ ቆመው፥ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉና እየዘፈኑ ውሃውን ያወጣሉ። ጉድጓዱ ባለቤት አለው፤ ተራውን የሚጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰውም አለው። ያለ ተራው ከብት የሚያጠጣ የለም። ለመንገደኛ ግን የሚጠጣው ውሃ አይነፈግም። ጓደኛችን ይህን ከነገረን በኋላ፥ «እኛ መንገደኛ ነበርን፤ ግን ጫማ አጠብን» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሆቴሉ ድረስ የተናገረ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ከባለቤቷ ጋር ልንነጋገር ሄድን። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ ነውር ነው። ከቡና ቤቱ ጀርባ ያሉትን 14 ክፍሎች ያሠሩት ከጠላ ሽያጭ ጀምረው ነው። በዚያ ሳምንት የአንድ ጀሪካን ውሃ ከአንድ ሻይ በላይ ያወጣ ነበር። ሒሳብ ሳይከፍል በሌሊት የሚወጣ እንግዳ አለ፤ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ የሚሄድ አለ። «እኔስ ከማን ላይ ልቁረጥ?» አሉን። ውሃውን የጨረስነው እኛ መሆናችንን ነገርናቸው፤ የሦስቱን ጀሪካን ዋጋ ከፈልን። ሴትዮዋም ልጅቱን ጠርተው፥ «አይቆረጥብሽም» አሏት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን ባለቤቷ ሒሳብ የሚያውቁ ሴት ናቸው። «አራት ሰው በአንድ ሌሊት ይህን ሁሉ ውሃ እንዴት አድርጎ ጨረሰው?» ብለው ጠየቁን። እኛም እውነት መናገር የጀመርን ሰዎች ስለሆንን፥ አምስት መሆናችንን ነገርናቸው። ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ወደ ልጅቱ ዘወር አሉ። ብርድ ልብሱን ማን ሰጣቸው? ፖሊስ ደብተሩን አይቶ፥ ኋላ አምስተኛ ሰው ክፍል ውስጥ ቢያገኝ የሚቀጣው ማን ነው? ለካስ ውሃው ትንሹ ነገር ኖሯል። ልጅቱ ለእኛ ብላ ሁለት ነገር ሸሽጋ ነበር፤ እኛ አንዱን ልናስተካክል ገብተን ሁለተኛውን አጋለጥንባት።

የአምስተኛውን አልጋ ኪራይም ከፈልን፤ ስሙንም በደብተሩ አስጻፍን። ባለቤቷ ልጅቱን አላባረሯትም፤ ግን ከዚያን ማታ ጀምሮ የክፍሎቹን ቁልፍ ከእርስዋ ወስደው ለሌላ ሰው ሰጡ። ቁልፍ የምትይዝ ልጅ ከእንግዶች ጉርሻ ታገኛለች፤ ቁልፍ የማትይዝ ግን ውሃ ብቻ ትቀዳለች። ይህንን የነገረችን እርስዋ ራስዋ ናት፤ ሳትቆጣ ነው የነገረችን። «እናንተ ትሄዳላችሁ» አለች። ከመካከላችን አንዱ ገንዘብ ሊሰጣት እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፥ «አሁን ሰው ያያል» ብላ አልተቀበለችውም። እርስዋ ላይ ያደረስነውን ነገር በኋላ ለባለቤቷ በድጋሚ ልናስረዳ ሞክረን ነበር፤ ሴትዮዋም «ገባኝ፥ ልጆቼ፤ ገባኝ» አሉን። ቁልፉ ግን አልተመለሰም።

በአማርኛችን «አልጋ» የሚለው ቃል የመኝታም የመንግሥትም ስም ነው፤ አልጋ ወራሽ እንላለን። ነገሌ በውሃ ምክንያት አንድ አልጋ ያነቃነቀች ከተማ ናት ብለን በጽሑፋችን መግቢያ ላይ አስፍረን፥ በዐረፍተ ነገሩ በጣም ተደስተን ነበር። መምህራችን «ያምራል» ብለው በኅዳጉ ጽፈውበታል። አሁን ብናወጣው እንወዳለን፤ ግን ታይፕ ተደርጎ አልቋል።

ለመሄድ በተነሣንበት ሌሊት በራችንን በ10 ሰዓት ያንኳኳችው እርስዋ ናት። በሩ ላይ አንድ ሙሉ ጀሪካን አስቀምጣ ነበር። ፊታችንን በእጃችን እየቆጠብን ታጠብን፤ ከግማሽ በላይ ተረፈ፤ ወደ በርሜሉ ወስደን ገለበጥነው።

ስለዚህ ለኮሚቴው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ጥናት የሚሄድ ቡድን ስንት ሰው እንደሆነ ይቆጠርና አበሉ በዚያው ልክ ይፈቀድ፤ ለአምስቱ ገንዘብ ከሌለ አራት ይሂዱ፤ ነገር ግን አስተርጓሚው ከአራቱ አንዱ ይሁን። ሁለተኛ፥ ወደ ቆላ ለሚሄድ ቡድን የውሃ ወጪ እንደ ትራንስፖርት ሁሉ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው።

የገንዘብ ያዡ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ባቀረብንለት የወጪ ዝርዝር ውስጥ «ውሃ፥ 3 ጀሪካን» የሚል አለ። ደረሰኝ ስለሌለውና «ውሃ በሆቴሉ ኪራይ ውስጥ የተካተተ ስለሆነ» እንድንሰርዘው ጠይቆናል። ደረሰኝ የለንም፤ እውነት ነው። መስመሩን ግን አንሰርዘውም፤ ጉዳዩ በሚመጣው ስብሰባ በድምፅ እንዲወሰን እንጠይቃለን።